ባሌስትራ ጨምርልኝ

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የፒክአፕ ባለቤት ጋራዥ ገብቶ «እግሯን አጠንክርልኝ» ካለ፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ባሌስትራ ጨምርልኝ እያለ ነው። አምስት ብረት የነበረው ስድስት ይሁን፣ ስድስቱ ሰባት ይግባ፣ ኋላዋ ከፍ ይበል፣ ጭነት ሲወጣባት አትጎንበስብኝ እያለ ነው። ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፤ የትኛው ከተማ ብትቆሙ ነገሩ ያው ነው። ኋላዋን እንደ ፌንጣ አንስታ፣ ባዶዋን ስትሆን ጉድጓዱን እንደ ግልገል እየዘለለች የምታልፍ አሮጌ ሃይሉክስ ካያችሁ «ተሻሽላለች» ማለት ነው።

እኔ ደግሞ አልተሻሻለችም ባይ ነኝ። እንዲያውም ይሄ ባሌስትራ የመደራረብ ነገር፣ ሃያ ምናምን ዓመት በታማኝነት ያገለገለችን መኪና ሰው ገዳይ ማድረጊያ ነው ብዬ ልከራከር ነው። ቃሉ ከበደ? ትንሽ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ግን «ሰፈሬ ቦሌ፣ የምሳፈረው ታክሲ፤ የጎጃም ፒክአፕ ምን አገባኝ?» ለምትሉ። በርበሬ ትበላላችሁ አይደል? የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ፣ የወምበርማ በቆሎ፣ የሰከላና የቋሪት ድንች ከገበሬው ደጅ ተነሥቶ በቀጥታ ትልቅ መኪና ላይ አይወጣም። አይሱዙ የማይገባበት፣ አህያ የማትዘልቀው ርቀት አለ፤ እሱን የምትሸፍነው ፒክአፗ ናት። ስትመለስ ማዳበሪያ፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ ቢራ ትጭናለች። ከዕቃው በላይ ደግሞ ሰው። ሰውን ከጭነት በላይ ማሳፈር ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ትራፊኩም ያውቃል፤ ተሳፋሪውም ያውቃል። የሚሳፈረው ሌላ መኪና ስለሌለ ነው። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ከሄደ፣ ምጥ የያዛት ሴት ፍኖተ ሰላም የምትደርሰው በዚያችው ፒክአፕ ነው።

እነዚህ መኪኖች ደግሞ በቅርቡ የትም አይሄዱም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ውድ አደረገው፤ የመኪናው ዕድሜ በገፋ ቁጥር ታክሱም ይገፋል። በ2016 ዓ.ም ጥር ላይ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ፤ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው ተባለ። (ወምበርማ ገጠር ውስጥ ቻርጅ የት እንደሚደረግ አብሮ ቢነገረን ጥሩ ነበር።) በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። መለዋወጫ የሚገባው ደግሞ በዶላር ነው። በዚህ ላይ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ክልሉን ያመሰው ጦርነት መንገድ በዘጋ ቁጥር፣ መርካቶ የተገዛ ዕቃ ቡሬ ሳይደርስ የሚከርምበት ጊዜ ነበር።

ስለዚህ አጎቴ እ.ኤ.አ. የ1996 ሞዴል ሃይሉክሱን አይለውጥም። ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዞረበት ያልዞረ፤ ልጆቹን ያስተማረችው እሷ ናት። «አሮጌ መኪና ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ሞኝነት ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ከአጎቴ ጋር ነኝ፤ የያዝከውን ማሻሻል እንጂ ሌላ ምርጫ የለም። የተጣላነው ምኗ ይሻሻል በሚለው ላይ ነው።

ባሌስትራ ምሥጢር የለውም። የጎበጡ ዝርግ ብረቶች ተደራርበው መሐላቸው በብሎን ታስሯል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ይተኛሉ፣ ሲያልፍ ይነሣሉ። ውፍረታቸው እኩል በሆኑ አምስት ብረቶች ላይ ሁለት ብትጨምር ባሌስትራው በ40 በመቶ ይደርቃል። ውፍረት ላይ ስትመጣ ሒሳቡ ይከፋል፤ 7 ሚሊ የነበረውን ብረት በ9 ሚሊ ብትተካው ያ ብረት ብቻውን ከሁለት እጥፍ በላይ ይደርቃል። በየጋራዡ የሚጨመረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአይሱዙ ወልቆ በልክ የተቆረጠ ወፍራም ብረት ነው። አንዳንዴም የላላው የድሮ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ፣ በከሰል ቀልቶ፣ በመዶሻ እንደገና ይጎብጣል። ብረቱ ፋብሪካ ሲሠራ በልኩ ግሎ፣ ዘይት ውስጥ ቀዝቅዞ፣ እንደገና ለስለስ ተደርጎ ነው ያን የመመለስ ጠባይ ያገኘው። ከሰል ላይ ያ ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ወይ ቶሎ ይላላል፣ ወይ እንደ ሸክላ ይሰበራል።

ባሌስትራው አልተኛም ያለውን ምት ሌላው ይቀበለዋል። ሻንሲው ባሌስትራው የተንጠለጠለበት ቦታና ከጋቢናው ጀርባ ይሰነጠቃል፤ ይበየዳል፤ ከብየዳው ጎን ደግሞ ይሰነጠቃል። ኩሽኔታው ይጮኻል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የመጫን አቅም በባሌስትራ ቁጥር አይጨምርም። ፋብሪካው አንድ ቶን ገደማ፣ በኛ አነጋገር 10 ኩንታል፣ ያሰበላት መኪና 18 ኩንታል ስትሸከም ባሌስትራዋ ባይጎብጥም ጎማዋና ፍሬኗ ያው የ10 ኩንታል ናቸው።

ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ፍሬኑ ነው።

ፒክአፕ ባዶዋን ስትሆን ኋላዋ ቀላል ነው። የኋላ ፍሬን ሙሉ ግፊት ከተሰጠው ጎማው ይቆለፍና መኪናዋ ትሽከረከራለች። ስትጫን ደግሞ ኋላዋ ይከብዳል፤ ያኔ የኋላ ፍሬን በደንብ መያዝ አለበት። ቶዮታ ይሄን ችግር በአንዲት ትንሽ ቫልቭ ፈታው። ቫልቩ ሻንሲው ላይ ታስሮ ይቀመጣል፤ ከሱ የምትወጣ ቀጭን ዘንግ ወርዳ የኋላ አክሰል ላይ ትገናኛለች። ጭነት ሲገባ ሻንሲው ወደ አክሰሉ ይወርዳል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባዶ ስትሆን ሻንሲው ይነሣል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። በቃ። ሚዛኗ የኋላዋ መጎንበስ ነው።

አሁን ባሌስትራ ጨምሩባት። 18 ኩንታል በቆሎና ከላዩ ሰባት ሰው ተጭኗል፤ ኋላዋ ግን አልጎነበሰም፤ ባለቤቱም «አየሽ፣ ምንም አልመሰላት!» ብሎ ይኮራል። ቫልቩም እንደ ባለቤቱ ምንም አልመሰለውም። መኪናዋ ባዶ ናት ብሎ አምኗል። ስለዚህ የኋላ ፍሬን በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ትንሽ ግፊት ብቻ ያገኛል፤ ሥራው ሁሉ ለፊተኛው ይቀራል። በሜዳ ላይ ይሄ ላይታወቅ ይችላል። ከደጀን ወደ ዓባይ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስትወርዱ ግን ይታወቃል። የፊት ፍሬን ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይሰምጣል።

ጋዜጠኝነት ስማር የመኪና አደጋ ዜና እንዴት እንደሚጻፍ ተምሬያለሁ፤ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው። «ለምን» የሚለው ጋ ስንደርስ ሁላችንም አንድ ዓረፍተ ነገር አለችን፤ «አደጋው የደረሰው ፍሬን እምቢ በማለቱ ነው»። ፍሬን ግን እንደ ጎረምሳ ተነሥቶ እምቢ አይልም። ከወር በፊት ጋራዥ ውስጥ አንድ ሰው አንድ ብረት ጨምሯል፤ ዘንጓን የሚያስተካክላት አልነበረም፤ ወይም ዘንጓ ተሰብራ በሽቦ ታስራለች። ፖሊስም አይጠይቅም፣ እኛም አንጠይቅም፣ ዜናው ከእግር ኳሱ በፊት ያልቃል።

ሌላው የተረሳ ዕቃ አሞርዛተር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሾክ አብዞርበር የምንለው። ባሌስትራ ምቱን ተቀብሎ ይመልሳል፤ መመለሱን የሚያበርደው አሞርዛተሩ ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ የመዝለሉን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ዘይቱን የጨረሰ አሞርዛተር ካለ መኪናዋ ከአንድ ጉድጓድ በኋላ ሦስቴ ትዘላለች። የገጠሩ ጠጠር መንገድ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸነሸነ ነው። (እ.ኤ.አ. በ2007 ሦስት ተመራማሪዎች አሸዋ ላይ ጎማ እያሽከረከሩ አሳይተዋል፤ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ከተኬደ ሽንሽኑ ራሱ ይፈጠራል፣ መኪናው ሞላ ባይኖረው እንኳ።) በዚያ ላይ ደረቅ ባሌስትራና የሞተ አሞርዛተር ሲገናኙ ጎማው ግማሹን ጊዜ አየር ላይ ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ አይመራም፣ ፍሬንም አይይዝም። በክረምት ቀይ አፈር ላይ ምን እንደሚሆን ልተወው።

ይሄን ሁሉ ፍኖተ ሰላም ላለ አንድ መካኒክ ስነግረው ሳቀብኝ። «እህቴ፣ የምትዪውን አጥቼው አይደለም» አለኝ። «ሰው የሚከፍለኝ ለሚያየው ነገር ነው። ባሌስትራ ጨምሬ ኋላዋ ከፍ ሲል ያያል፣ ይከፍላል። አሞርዛተር ብቀይርለት ምን ሠራህ ይለኛል።» ልክ ነው። የባለቤቶቹም ክርክር ዋዛ አይደለም። 10 ኩንታል ጭኖ ወምበርማ ደርሶ መመለስ ናፍጣውን፣ ረዳቱን፣ ኬላውን ችሎ ትርፍ አያመጣም ይላሉ። 2003 ዓ.ም ላይ በተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ብዙ ቀበሌ መንገድ አይቷል፤ ጠጠሩን ግን ክረምት እየጠረገው ይሄዳል፣ ጠጋኙም ቶሎ አይመጣም። መንገዱን የሚሠራው አካል ያልሠራውን ባሌስትራ እንዲሠራው ነው የተፈለገው። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ መቼም ስም ጠጠር አይደፋም።

እኔ ግን እዚህ ላይ አልለሳለስም። ትርፉ የሚገኘው 18 ኩንታል በመጫን ብቻ ከሆነ፣ ትርፉ የሚመጣው ከላይ ከተቀመጡት ሰዎች ኪስ ሳይሆን ከነፍሳቸው ነው። ከክላውዶውም የምጠብቀው አለ። በየዓመቱ ቦሎ ለማደስ መብራትና ጥሩንባ የምናይ ከሆነ፣ ጎንበስ ብሎ ባሌስትራ መቁጠርና ዘንጓ በቦታዋ መኖሯን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቹም ስለ ቫልቩ አንድ ከሰዓት ቢያስተምሩ አይከስሩም።

ታዲያ ማሻሻል ክልክል ነው? አይደለም። የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ለነዚሁ አሮጌ ቶዮታዎች ባሌስትራና አሞርዛተር አዛምዶ ይሸጣል፤ ሲሸጥ ግን መኪናዋ ዘወትር ስንት ኪሎ እንደምትሸከም ይጠይቃል፣ ባሌስትራው የሚመረጠው በዚያ ነው። ዋጋው ለአጎቴ የሚቀመስ አይደለም። ቅደም ተከተሉን ግን በነፃ መውሰድ ይቻላል። መጀመሪያ በባሌስትራው ጫፎች የሚገቡትን የጎማ ቡሾች መቀየር፤ ርካሽ ናቸው፣ ግማሹ መንቀጥቀጥ ከነሱ ነው። ከዚያ አራት አሞርዛተር ባንድ ጊዜ፤ ሁለት ሁለት እያሉ ማዳረስ ገንዘብ ማባከን ነው። የላላ ባሌስትራ ካለ በራሱ ልክና ውፍረት መተካት። የግድ ብረት ከተጨመረ ደግሞ የዘንጓን ልክ የሚያውቅ ሰው ቫልቩን ሳያስተካክል መኪናዋ ከጋራዥ አትውጣ። የጎማ ንፋስ ማስተካከል የሳንቲም ነገር ነው፤ የሚያደርገው ሰው ግን አላየሁም።

አጎቴ ብዙ አንገራግሮ ተስማማ። ያመነኝ አይመስለኝም፤ ወገቡን ያመው ስለነበር ነው። አሞርዛተሮቹ ባሕር ዳር ተገኙ። ከአይሱዙ የመጡት ሁለት ብረቶች ወጡ፣ ዘንጓ ላይ የነበረው ሽቦ ተፈቶ በትክክለኛው ብሎን ታሰረ፣ ኋላዋም ዝቅ አለ። አሁን 10 ኩንታል ሲገባባት በግልጽ ትጎነበሳለች፤ ጓደኞቹም «ምነው ደከመችብህ?» እያሉ ይቀልዱበታል። የወጡትን ብረቶች አንድ ቀጥቃጭ ወስዷቸዋል፤ ከአንደኛው ማረሻ ወጥቶለታል።