ገናና ዋንጫው በአንድ ሳሎን

ዘንድሮ በዓሉና ኳሱ ተገጣጥመዋል። ሞሮኮ የምታስተናግደው የአፍሪካ ዋንጫ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ተጀምሮ ጥር 10፣ ልክ በከተራ ዕለት፣ ይጠናቀቃል፤ ገና መሃል ላይ ይውላል። እንግዳው ይበዛል፣ ኪስ ግን ያው ነው።

ከገና በፊት ያሉት ጨዋታዎች በጾም ላይ ስለሚውሉ ወጪያቸው ቀላል ነው፤ ትኩስ የገብስ ቆሎ፣ ፈንዲሻና አንድ ጀበና ቡና ሳሎን ሙሉ ሰው ያስተናግዳሉ።

ለበዓሉ ቀን የዚህ እትም ምርጫ ቅርጫ ነው። ጎረቤት አዋጥቶ አንድ በሬ ይገዛል፤ ሥጋው፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው ሳይቀር፣ ቅጠል ላይ በመደብ ተከፋፍሎ ዕጣ ይጣልበታል። ለአቅመ ቢሱ ቤትም አብሮ መመደብ የቆየና ሊጠበቅ የሚገባው ወግ ነው። ዶሮ ለሚመርጥም፣ 12 ብልት ከወጣላትና ዕንቁላል ከታከለባት አንዲቷ ለ12 ሰው ትደርሳለች።

ቅርጫ የምትገቡ አንባቢያን ከአሁኑ ተነጋገሩ፤ ዋዜማው ሲቃረብ የበሬው ዋጋ ይንራል።