የወንድሜ ቺፖችና የምግብ ዘይቱ

ቺፕስ ስላችሁ የድንቹ እንዳይመስላችሁ። እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ እሱ ነበር። የወንድሜ ልጅ ለአባቷ ሙት ዓመት ከላስ ቬጋስ መጥታ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «አክስቴ፣ የአባዬን ቺፕሶች ይዤልሽ መጥቻለሁ» ስትለኝ፣ በዚህ ሁሉ መንገድ ተሰባብሮ ዱቄት ሆኗል ብዬ አዘንኩ። ከልብሶቿ መሀል ያወጣችው ግን በሁለት እጅ የሚያዝ ከባድ የእንጨት ሣጥን ነው። ስትከፍተው ካዚኖ ውስጥ በብር ምትክ ጠረጴዛ ላይ የሚደረደሩት ክብ ባለቀለም ቁርጥራጮች ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ቆጠርናቸው። 164 ናቸው።

ወንድሜ ላስ ቬጋስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። መጀመሪያ እንደ ብዙው የዚያ ከተማ ሐበሻ ታክሲ ነዳ። ቀጥሎ ካርታ ማደል ተማረና ከአንድ ካዚኖ ተቀጠረ፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስም ሥራው ይኸው ነበር። ካርታ አዳይ ከጠረጴዛው ሲነሳ ሁለት እጆቹን ጨብ አድርጎ፣ መዳፉንና አይበሉባውን ጣሪያ ላይ ላለው ካሜራ ማሳየት አለበት። ምንም አልያዝኩም ማለት ነው። ይህ ነገር ተጣብቶበት፣ አዲስ አበባ ሲመጣ ከእናታችን ማዕድ ሲነሳ እንኳ እጁን ያገላብጥ ነበር። እማዬ ታጥቤያለሁ ማለቱ እየመሰላት «ይሁን፣ ንጹሕ ነው» ትለው ነበር።

ስለዚህ ከሚሠራበት ጠረጴዛ አንዲት ቺፕ አላመጣም። የእረፍት ቀኑ ሲደርስ ወደ ሌላ ካዚኖ ይሄድና ለገንዘብ ቤቱ አንድ ዶላር ሰጥቶ አንዲት የዶላር ቺፕ ይቀበላል፤ ኪሱ ከቶ ወደ ቤቱ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አልተጫወተም ብዬ አልምልላችሁም። እሱ ግን እንደዚያ ይል ነበር።

አሁን ከሣጥኑ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ካዚኖዎች የሉም። ሳንድስ እ.ኤ.አ. በ1996 ተዘግቶ ፈረሰ። ሃሲየንዳ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ሌሊት በፈንጂ ወረደ። ስታርደስት ኖቬምበር 1 ቀን 2006 ተዘጋ፤ ወንድሜ በዚያ ቀን ጠዋት ሄዶ የመጨረሻውን ዶላሩን መንዝሯል። ሪቪዬራ በ2015 ተከተለ። የኔቫዳ ሕግ ደግሞ ካዚኖ ሲዘጋ ቺፖቹ የሚመነዘሩበት የተወሰነ ጊዜ ይሰጥና ከዚያ በኋላ በካዚኖው እጅ ያሉት እንዲወድሙ ያስገድዳል። የምትተርፈው በሰው ኪስ የቀረችው ናት።

የልጅቷ ሐሳብ ቆንጆ ነበር። ቺፖቹን በመስታወት ክፈፍ አስደርድራ ለሙት ዓመቱ እንግዶች ሳሎን ውስጥ ልትሰቅላቸው ነው። ሁለት ችግር ገጠማት። አንዱ እማዬ ናት። «የቁማር እቃ ከሥዕሉ ጎን አይሰቀልም» አለች፣ አለቀ። ሁለተኛው የቺፖቹ መልክ ነው። ብዙዎቹ ገርጥተው፣ ክረምት ላይ ቅባት እንዳጣ የልጅ ጉልበት አመድ መስለዋል። «ዘይት ሲቀቡ ይፈካሉ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ብንቀባቸውስ?» አለችኝ።

ሸክላ መሆናቸውን ስትነግረኝ እኔ ለመወሰን ጊዜ አልወሰደብኝም። ስንት ምጣድ በጎመን ዘር ያሟሸሁ ሴት ነኝ! የደረቀ ፀጉር ቅቤ፣ የደረቀ ቆዳ ቫዝሊን፣ አዲስ ምጣድ ጎመን ዘር። ደረቀ ከተባለ መድኃኒቱ ቅባት መሆኑን ማን ይጠይቃል? እሷ ለዝግጅቱ ዕቃ ልትገዛ መርካቶ በሄደችበት፣ እኔ የስታርደስቷን አንስቼ ጥጥ በሱፍ ዘይት ነክሬ አሸኋት። እውነትም ፈካች። ጠርዟ ላይ ያሉት ባለቀለም ምልክቶች ቦግ አሉ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሳያት ዘይቱ መሀሏ ላይ ባለው ጽሑፍ ሥር ገብቷል። የካዚኖው ስም ያለበት ክብ ሽፋን ከዳር ጀምሮ፣ ሻይ እንደፈሰሰበት ወረቀት ቢጫ ጥላ አጥልቶበታል። የጥጡ ብናኝ ተጣብቆባታል። በሳምንቱ ደግሞ ጓዳ የተረሳ የመጥበሻ ሽታ ሸተተች።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ዝም ማለቷ ባሰብኝ።

ያን ዕለት ማታ ላስ ቬጋስ ለሚኖር የወንድሜ የድሮ የሥራ ባልደረባ ደወልኩ። እሱም ሰብሳቢ ነው። እዚያ አገር የካዚኖ ቺፕ ሰብሳቢዎች እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተ ማኅበር ሁሉ አላቸው። ነገሩን አስረዳሁት።

«ምን ዘይት ነው የቀባሽው እህቴ?»

«የምግብ።»

ዝም አለ፤ ከዚያ «ሽንኩርትስ አልጨመርሽበትም?» አለኝ።

ስቀን ስናበቃ ያስረዳኝን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ስለ ምጣዴም የተረዳሁት ነገር አለ። እነዚህ ቺፖች ሸክላ የተባሉት በስም እንጂ እሳት ያየ ሸክላ አይደሉም። የሸክላ አፈርና ሌላ የማዕድን ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ተለውሶ፣ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በሙቀትና በከባድ ጫና ተጨምቆ የሚሠራ ነገር ነው። ልኩን እያንዳንዱ ሠሪ በምስጢር ይይዘዋል። እኛስ የሙዚቃውን ሸክላ ሸክላ እንለው የለ? ያም ቢሆን የሸክላ ሠሪ እጅ አልነካውም፤ የጥንቶቹ የሙዚቃ ሸክሎች የድንጋይ ዱቄት ሼላክ ከሚባል ሙጫ ጋር ተዋህዶ የተጨመቀባቸው ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ቺፖችም ከአፈርና ከዚሁ ከሼላክ ነበር የሚጨመቁት። ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

ምጣድ ዘይት የሚጠቅመው እሳት ላይ ስለሚጣድ ነው። የጎመን ዘሩ ቅባት ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል፣ ፊቱን ያለሰልሳል፣ እንጀራው አይይዝም። ቺፕ እሳት አያይም። የቀባነው ዘይት ዘይት ሆኖ ይቀራል። የምግብ ዘይት ከሆነ ደግሞ አየር እየነካው ይሻግታል፣ ያጣብቃል።

«ታዲያ ለምን ገረጡ? ደርቀው አይደለም?» አልኩት።

አይደለም። ቺፕ አይጠማም። ከሺህ እጅ ወደ ሺህ እጅ ስትተላለፍ፣ ከጓደኞቿ ጋር ስትፋተግ፣ ፊቷ በጥቃቅን ጭረቶች ይሞላል፤ ጭረቱ ብርሃን ይበታትንና ነጣ ብላ ትታያለች። ከፋብሪካ በቀጥታ የወጣች ቺፕ እንኳ ዱቄት የነካት ትመስላለች። ዘይቱ የሚያደርገው ጭረቱን መሙላት ነው። ወንዝ ዳር ያለ ጠጠር ሲረጥብ ቀለሙ እንደሚጎላው፣ ሲደርቅ እንደሚመለሰው ማለት ነው። የተሻሻለችው ቺፕ ሳትሆን ዓይናችን የሚያየው ነው።

ሰውየው ግን ዘይት ፈጽሞ አይነካም አላለም። ቤታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር በቺፕ የሚጫወቱ ሰዎች፣ ያረጁ ቺፖችን ገዝተው ካጠቡ በኋላ ቀለሙ እንዲመለስ የማዕድን ዘይት ይቀባሉ። እኛ ፋርማሲ ፈሳሽ ፓራፊን ብለን የምንገዛው ነው፤ የሕፃናት ቅባት የሚባለውም ያው ሆኖ ሽቶ የተጨመረበት ነው። ይህ አይሻግትም። አንድ ጠብታ ለብዙ ቺፕ ይበቃል፤ ወዲያው በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል፣ ለስላሳ ወረቀት ላይ አንድ ሁለት ቀን ያርፋል። ለሚጫወቱበት ነገር እሱም ቅር አይለውም። ለሚሰበሰብ ነገር ግን አይቀባም። የገባው ዘይት ሙሉ በሙሉ ተመልሶ አይወጣም፤ በሽፋኑ ሥር ሊሰርግ ይችላል፤ አቧራ ይጠራል፤ አጠገቧ ያለችውንም ይነካል። ሊሸጥ ከታሰበ ደግሞ ተቀብታለች ብሎ ለገዢው መናገር ግድ ነው።

እኔ በዚህ እስማማለሁ። ሰውየው አዋቂ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የስታርደስቷን በገዛ እጄ ስላበላሸኋት ነው።

ማጠብ ግን ይቻላል፤ ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ባይኖር እንኳ ለሌላ ጥንታዊ ዕቃ ይጠቅማችኋል። መጀመሪያ ብዙ ኮፒ ካላት፣ ከማታሳሳ አንዲት ላይ ሞክሩ። ለብ ያለ ውሃ፣ ሙቅ አይደለም፣ ምክንያቱም ቺፕ በሙቅ ውሃ ይጎብጣል። አንድ ጠብታ ለስላሳ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። አንድ በአንድ፣ ሳይዘፈዘፍ፣ ወዲያው ማድረቅ፣ ጠፍጣፋ ላይ ማሳረፍ። በረኪና፣ አልኮል፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አጠገቡ አይድረስ። ስማቸው በወርቃማ ቀለም የታተመባቸው የቆዩ ቺፖች ከሆኑ ብሩሹን ተዉት፤ ወርቁ ይለቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጆች ላላችሁ። ከቆዩት የካዚኖ ቺፖች አንዳንዶቹ እንዲከብዱ እርሳስ የተጨመረባቸው ናቸው፤ የምንጽፍበትን ሳይሆን ብረቱን እርሳስ ማለቴ ነው። ሕፃን አፉ ውስጥ እንዳይከታቸው፤ ከነካኩ በኋላ እጅ መታጠብ ነው። እኔማ የቡና ሲኒ በማጥብበት ሳፋ ላጥባቸው ነበር ያሰብኩት! ሌላ ሳፋ ገዛን።

ሁለት ቀን ፈጀብን። እኔ እቦርሻለሁ፣ እሷ ታደርቃለች። ስናጥባቸው ነው በደንብ ያየናቸው። ብዙዎቹ ዙሪያቸውን ትንንሽ ባርኔጣና ከዘራ ተቀርጾባቸዋል፤ ፖል ኤንዲ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1963 ላስ ቬጋስ ውስጥ ያቋቋመው የፖል-ሰን ኩባንያ ምልክት ነው። የጠርዙ ባለቀለም ምልክት ደግሞ ቅብ አይደለም፤ ሌላ ቀለም ያለው ጭቃ ተቆርጦ ገብቶ አብሮ የተጨመቀ ነው። ብታፋቁት አይለቅም። ይህን ሁሉ ሥራ ለአንድ ዶላር ምትክ! ዳር እስከ ዳር 3.9 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 10 ግራም ገደማ።

ከዚያ ስምንቱ ላይ ደረስን።

ወንድሜ ቴሌቪዥን ሲያይ በእጁ የማይለያቸው ስምንት ቺፖች ነበሩ። አራት አራት አድርጎ ይከፍላቸውና በአንድ እጁ ጣቶች እርስ በርስ ያሰካካቸዋል። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። እማዬ ያን ድምፅ አትወደውም ነበር። ጠርዛቸው ተበልቶ ክብ ሆኗል፣ ፊታቸው እንደ ሳሙና ለስልሷል፣ ጥቁር ቆሻሻ ይዘዋል። እኔ እነዚህ አይታጠቡ አልኩ። ልጅቷ ደግሞ ከሁሉ በላይ እንዲያምሩ የምትፈልገው እነሱን ነው።

«የአባዬ ነገር ቆሽሾ ይቀመጥ ነው የምትዪው?»

«የእጁ ነው» አልኳት።

«ካዚኖ ውስጥ የስንት ሰው እጅ ነክቷቸዋል አክስቴ። የእሱ ብቻ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ብቻ አልታጠቡም። እንግዶች ሲመጡ የታየው ክፈፍ 155 ቺፖች ያሉት ነው፤ ያለ ሙጫ በጠርዛቸው ተይዘው፣ ፀሐይ በማይደርስበት ኮሪደር ላይ። እማዬ ከብዙ ልመና በኋላ ኮሪደሩን ፈቀደች።

በመጨረሻዋ ምሽት ልጅቷ ሳትነግረኝ ከስምንቱ አንዷን አጥባ በፈሳሽ ፓራፊን ቀብታ ጠበቀችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ታምራለች። ጥልቅ ቀይ ሆናለች፤ ቀይ መሆኗንም ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ልጅቷ ስምንቱን እንደ አባቷ ለማሰካካት ስትሞክር ግን ያቺ አንዷ እየሾለከች ወደቀች። ሁለቴ ሞከረች። ከዚያ ሰባቱን ለብቻ፣ አንዷን ለብቻ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች፤ እኔም ምንም አላልኩ።

የስታርደስቷ እኔ ጋ ቀርታለች። በሁለት ለስላሳ ነጭ ወረቀት መሀል አድርጌ ከባድ መጽሐፍ ጭኜባታለሁ፤ በየእሑዱ ወረቀቱን እቀይራለሁ። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው የዘይት ክብ በመጀመሪያው ሳምንት ወፍራም ቢጫ ነበር። ባለፈው እሑድ መስኮት ላይ ይዤ ካላየሁት በቀር አይታይም። ሽታዋ ግን ገና ነው።