ዜግነት በዝምታ አይታጣ

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 33 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊነጠቅ እንደማይችል፣ የውጭ ዜጋ ማግባትም ዜግነት እንደማያሳጣ ይደነግጋል። ችግሩ ያለው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ላይ ነው። እናቱ የቴፒ ተወላጅ፣ አባቱ የውጭ ዜጋ የሆነ፣ የሁለቱንም ዜግነት በልደት ያገኘ ልጅ እናስብ። በአያቱ ጓሮ ቀይ ቡና እየለቀመ ያድጋል። 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የአባቱን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ካላሳወቀ ግን፣ አንቀጽ 20 «በፈቃዱ እንደተወ» ይቆጥረዋል። ስለ ቀነ ገደቡ ያልሰማ ወጣት ምን ፈቃድ ሰጠ?

ይህ ተራ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ዜግነትን በዘፈቀደ መንጠቅ የሚያስከትለውን ጉዳት በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ዘመን አይተናል፤ የሁለቱን አገሮች የካሳ ጥያቄ የመረመረው ኮሚሽንም በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ውሳኔው ኢትዮጵያ የአንዳንድ ሰዎችን ዜግነት ያለ አግባብ መንጠቋን አረጋግጧል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንቀጽ 20ን ያሻሽል። ሰውየው በጽሑፍ ሳይነገረው፣ መልሱ ሳይሰማና ፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት ዕድል ሳያገኝ ዜግነቱን አይጣ። ምርጫውንም አዲስ አበባ ድረስ ሳይንከራተት እዚሁ በአካባቢያችን በሚዛን ተፈሪ ማስመዝገብ ይቻለው።