ወላጆቻችንን «ዝም ብላችሁ ተቀመጡ» አንበላቸው



እናት ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ «እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» እንላለን። አባት ዕቃ ሲያነሳ ከእጁ እንቀበለዋለን። ይህ አክብሮት ነው፣ ፍቅርም ነው። ነገር ግን ሳናውቀው ወላጆቻችንን እያደከምናቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን?

ሰውነት የማይሠራበትን ጡንቻ አያቆይም። ከ30 ዓመት በኋላ ጡንቻችን በየ10 ዓመቱ በግምት ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። በብዛት የሚሳሱት ፈጣን የሚባሉት የጡንቻ ክሮች ናቸው። እግራችን ሲሰናከል ቶሎ ደግፈው ከመውደቅ የሚያድኑን እነሱ ናቸው። አንድ አዛውንት ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር «ወለሉ አዳልጧቸው ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የጀመረው ከዓመታት በፊት፣ ወንበር ላይ ነው።

ጡንቻ ለመቆም ብቻ አይደለም የሚያስፈልገን። ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ ካለው ስኳር ብዙውን የሚወስደው ጡንቻ ነው። ስለዚህ የጡንቻ ሥራ ለስኳር ሕመምተኛ የሕክምናው አካል ነው። አጥንትም ጫና ሲያርፍበት ይጠነክራል።

«በዚህ ዕድሜ ምን ይጠቅማቸዋል?» ትሉኝ ይሆናል። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ተሠርቶ በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 90 ዓመት አካባቢ የሆኑ 10 የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት የማንሳት ሥልጠና ጀመሩ። እስከ መጨረሻው በዘለቁት 9 ሰዎች ላይ የእግር ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ጡንቻ በ90 ዓመትም ይሰማል!

በእግር መሄድስ አይበቃም? ለልብ በጣም ጥሩ ነው፤ አትተዉት። ጡንቻ የሚጠነክረው ግን ከለመደው ትንሽ ከፍ ያለ ሥራ ሲሰጠው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል።

ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ቤት ውስጥ እንዲህ ጀምሩ፦

✅ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ (ከቻሉ እጅ ሳይደገፉ)
✅ ግድግዳን በሁለት እጅ እየገፉ መጠጋትና መመለስ
✅ ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ
✅ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በየእጁ ይዞ ማንሳት

እያንዳንዱን ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ ሁለት ዙር፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በመሃል ቀን እያሳረፉ። ትንፋሽ አይያዝም። ሲቀልላቸው ቁጥሩን ወይም ክብደቱን ጨምሩ፤ ሳይጨምሩ መቆየት ውጤቱን ያቆመዋል።

ምግቡም አይረሳ። ብዙ አረጋውያን ዳቦ በሻይ ቀምሰው ይውላሉ፤ ጡንቻ በዚህ አይገነባም። በየማዕዱ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል ወይም ወተት ይኑር።

⚠️ የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት፣ የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ወይም ስብራት ካለ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ሲሠሩ ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማቸው ወዲያው ያቁሙ።

ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጣችሁ የምትውሉ የ30 እና የ40 ዓመት ሰዎችም፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። የ70 ዓመት ጉልበታችሁ የሚጠራቀመው አሁን ነው።

ለእኔ ወላጅን ማክበር ማለት ሁሉን ነገር መሥራት አይደለም። በራሳቸው እግር ገበያ፣ ለቅሶና ቤተ እምነት ሄደው እንዲመለሱ ማገዝ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ስትጠይቋቸው ከቡናው በፊት 10 ጊዜ አብራችሁ ከወንበር ተነሱ።