የወንዝ ጤና የሚታየው ከድንጋዩ ሥር ነው

የአዲስ አበባን የወንዝ ዳርቻዎች የማልማቱ ሥራ በ2011 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ አብዝቶ የሚወራው ስለ አበባው፣ ስለ መብራቱና ስለ እግረኛ መንገዱ ነው። ወንዝ ግን ውሃው ነው።

አንድ የውሃ ናሙና የሚናገረው ስለተቀዳበት ሰዓት ነው፤ ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ እስኪነጋ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ከድንጋይ ሥር የሚኖሩ የነፍሳት እጮች ግን ለሳምንታትና ለወራት እዚያው ስለሚቆዩ ያለፈውን ሁሉ ይመሰክራሉ። ብዙ ኦክስጅን የሚሹት ጠፍተው፣ እጥረቱን የሚችሉት ቀያይ እጮች ብቻ ከቀሩ ወንዙ ታሟል።

ስለዚህ ከእንጦጦ የሚወርደው ቀበና ከምንጩ አጠገብም ከተማ ውስጥም በየዓመቱ ይፈተሽ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። ለጅምሩ መረብ፣ ነጭ ሳህንና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል። ዳርቻውን አስውቦ ውሃውን መርሳት፣ በሽተኛን ሳያክሙ አዲስ ልብስ ማልበስ ነው።