ቋንቋ በዙም ይለመዳል?

ይለመዳል

የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሎንግ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲያስረዱ እንደኖሩት፣ ተማሪ ቋንቋ የሚያዳብረው ያለው ሳይገባ ቀርቶ «ምን አልክ?» ሲባልና አስተካክሎ ሲደግም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ተናጋሪና ሰሚ እንጂ የጋራ ጣራ አይደለም። 40 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ ትንፍሽ ባይል እንኳ ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ነው። በዙም ግን ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ በየንዑስ ክፍሉ ሲመድባቸው እያንዳንዱ ረዘም ላለ ጊዜ ያወራል። በአካልም ጥንድ ጥንድ ማድረግ ይቻላል ለሚሉኝ፣ 40 ሰው ባንዴ ሲንጫጫ ጀማሪ ጆሮ ምን ይለያል? ካሜራ ይጠፋል፣ ዝምታ ይበዛል የሚለው ክስ እውነትነት አለው፤ ጥፋቱ ግን የመልመጃው ነው። «ተወያዩ» ብሎ የበተነ መምህር ዝምታን ያጭዳል። አንዱ የከተማ ካርታ፣ ሌላው የሚደረስበትን አድራሻ ብቻ ቢይዝ ግን ሳይነጋገሩ መንገዱን አያገኙትም። በስዊድን አንዲት ትንሽ ከተማ ለሚያድግ ልጅ ደግሞ አማርኛ የሚያወራው እኩያ በአቅራቢያው ላይኖር ይችላል፤ ምርጫው በዙምና በክፍል ሳይሆን በዙምና በምንም መካከል ነው።

የሚለመደው ሌላ ነው

ባልደረባዬ ደቂቃ ቆጥረዋል፤ ጭውውት የሚሠራው ግን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ታንያ ስቲቨርስና አጋሮቻቸው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት 10 ቋንቋዎችን ሲያነጻጽሩ፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ኔትወርክ ሲደክም የቪዲዮ ጥሪ መዘግየት ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ሁለት ሰው እኩል ይጀምራል፣ እኩል ያቆማል፣ «አንቺ ቀጥዪ» ይባባላል፤ መምህሩም ሰልችቶት ማይክ ያስዘጋና በእጅ ማውጣት ተራ ያስይዛል። እንዲህ የሚለመደው ንግግር ማድረግ ነው። ቡና ላይ የሚደረግ ጨዋታ ተራ አይጠብቅም፤ መሃል ገብቶ «እንዴ!»፣ «ኧረ ተው!» ማለትን ይጠይቃል፤ ማይኩ የተዘጋበት ተማሪ ይህን የት ይለማመደዋል? ጥንድ ሲሆኑ መደራረቡ እንደሚቀል አልክድም። ሆኖም መምህሩ በአንድ ጊዜ የሚገባው አንድ ንዑስ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ በተቀሩት ክፍሎች ሁለት ጀማሪዎች አንዱ የሌላውን ስህተት እያጸደቁ ይቀጥላሉ። በአካል ሲሆን በወንበሮች መካከል እየተዘዋወረ ጆሮውን ጣል ያደርጋል፤ ጫጫታ የተባለውም ለእሱ መረጃ ነው። የስዊድኑ ልጅ ጉዳይ ከሁሉም ያሳምነኛል፤ ሌላ በር ለሌለው ዙም ይከፈትለት። ነገር ግን ይህ መከራከሪያ ከምንም እንደሚሻል ያስረዳል እንጂ፣ ተማሪዎቹ አንድ ከተማ ውስጥ እያሉ የክፍል ኪራይ ለመቆጠብ ብቻ በየቤታቸው ስክሪን ፊት ማስቀመጥን አይደግፍም።