የቀረጥ እኩልነት የሉዓላዊነት መለኪያ ነው

ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ተነሥቶ ደሴን ያለፈ መንገደኛ ወደ ሰሜን ቢዘልቅ ውጫሌን ያገኛል። በዚያች ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ ተንኮል ዘወትር ይታወሳል፤ 5ኛው አንቀጹ ግን ተዘንግቷል። ይህ አንቀጽ ወደ ምፅዋ የሚወርደውና ከምፅዋ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በኢትዮጵያ መሬት የሚከፍለውን ቀረጥ በዕቃው ዋጋ 8 በመቶ ላይ ወሰነው። ወደቡን የያዘችው ኢጣሊያ ስትሆን የተገደበው ግን የኢትዮጵያ ኬላ ነበር።

የዐድዋ ድል ያን ውል ሻረ፤ በ1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ውልም መሻሩን አጸና። ይሁን እንጂ በደም የተበጠሰው ሰንሰለት በቀለም ተመልሶ መጣ። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የክሎቡኮውስኪ ውል የአገሪቱን የገቢ ዕቃ ቀረጥ በ10 በመቶ ጣሪያ አሰረው። የራሱን ቀረጥ መወሰን የተሳነው አገር ሸማኔውንና ጀማሪ ፋብሪካውን ከባዕድ ሸቀጥ ጎርፍ በምን ይከላከላል?

ከዚህ ተነሥተን የንግድ በር ይዘጋ አንልም። እኩል አገሮች እኩል ሸክም ሲያወርዱ ቀረጥን ማንሣት ብዝበዛ ሳይሆን ትብብር ነው። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትም የሚለካው በዚሁ ነው፦ በራችንን በከፈትንበት ልክ የሌላው በር ለወሎ አርሶ አደር ምርትና ለላብ አደሩ የእጅ ሥራ ይከፈታልን?

ስለዚህ የቀበሌ ማኅበርተኛውም ሆነ ሠራተኛው ውልን በአርእስቱ ሳይሆን በአንቀጹ ይመርምር። ውጫሌ ያስተማረችን ይህንኑ ነው።